የውፋ ቤት እናቶች

እሑድ፣ ኖቬምበር 8፣ 1998፤ ጠዋት

ኢየሩሳሌም፣ አውቶቡስ ውስጥ። ዛሬ ወንበር አግኝቻለሁ፣ ተመስገን። መጽሐፉ ጭኔ ላይ፣ አንተ ደብተሬ መጽሐፉ ላይ። ሽፋኑ ላይ የድሮ የእንግሊዝ ንጉሥ የብረት ቆብ አለ፤ ጢምና ቅንድብ ሳይቀር የተሠራለት። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ሽፋኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሽፋኑን አየች። ነርስነት ነው ወይ የምትማሪው ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ ነገሥታት ነው አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ስማ ደብተር፣ በአማርኛ የምጽፍብህ ለአገር ናፍቆት ብዬ እንዳይመስልህ። ታናሽ እህቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ቁልፍ ከመግዛት ይሻላል።

ረቂቄ ተመለሰልኝ። ቀይ በቀይ። ለካ ነገሥታቱን በሙሉ እንደኛ ሰው ጽፌያቸዋለሁ፦ ሬድዋልድ ቲትላ፣ ቲትላ ውፋ፣ ውፋ ዌሃ። ስም ከነአባት። እጄ ነው እንጂ እኔ ልብም አላልኩ። መምህሬ ዶ/ር ና. ከዳር ላይ፣ ይህ የቤተሰብ ስም ከየት መጣ ብላ ጽፋለች። አፈርኩ። ቆይቶ ሳቄ መጣ፤ ንጉሡን የቀበሌ መታወቂያ ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ ደግሞ እልህ ያዘኝ። የዘር ሐረጋቸውን የጻፈው የድሮ ጸሐፊም እያንዳንዱን ከአባቱ ጋር አያይዞ ነው የጻፈው። ስለዚህ አንዱንም አልሰረዝኩም። ይህንኑ ጽፌ መለስኩላት።

ላስረዳህ። የውፋ ቤት ማለት (ከዛሬ ጀምሮ ው.ቤት) ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ምሥራቅ ዳር፣ ረግረግና ባሕር መሀል የነገሡ ዘሮች ናቸው። አያታቸው ውፋ ነበር፣ እነሱም የውፋ ልጆች ተባሉ። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ያንን የብረት ቆብ በአንድ መጽሐፍ ላይ አየሁትና ልቤ እዚያው ቀረ። ማንም አልመረጠልኝም።


ማክሰኞ፣ ኖቬ. 10

ዶ/ር ና. ቢሮ። ሻይ ሰጠችኝ። ሻይ ስትሰጥ ነገር አለ ማለት ነው።

ስለ ስሞቹ ትክክል ነሽ አለች፤ ሳቀችም። ቀጥላ ግን ያንኑ የምትለውን። የማስተርስ ጽሑፌን ለምን ስለ እኛ ስለ ቤተ እስራኤል አላደርገውም? የአባትሽ ዕድሜ ሰዎች እያለፉ ነው አለች። እውነት ነው። ቋንቋውን የምታውቂ፣ ሽማግሌዎቹ በር የሚከፍቱልሽ አንቺ ነሽ አለች። እሱም እውነት። የው.ቤትን ደግሞ እንግሊዞቹ ራሳቸው አኝከው ጨርሰውታል፣ አንቺ ምን ትጨምሪበታለሽ አለች።

የተስማማነው ይህ ነው። ዲሴ. 1 ሴሚናሩ ላይ ስለ ው.ቤት እናገራለሁ። ሰው ያልጠየቀው ጥያቄ ካመጣሁ አማካሪዬ ትሆናለች፣ በው.ቤት ላይ እቀጥላለሁ። ካላመጣሁ ወይ ወደ ቤተ እስራኤል፣ ወይ ሌላ አማካሪ ፍለጋ። ሌላ አማካሪ ደግሞ የለም፤ በዚህ ዘመን ላይ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት።

ሴትዮዋ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ትወደኛለች፣ ችግሩም እሱ ነው። ግን ከእኔ ጋር የሚማረው የሃይፋ ልጅ ስለ ቻይና የሐር ንግድ ይጽፋል፤ ቻይናዊ ነህ ወይ ያለው ሰው አልሰማሁም። እኔ ብቻ ነኝ ቤትሽ ግቢ የምባለው።


ዓርብ፣ ኖቬ. 13፤ ከሰዓት

ሰንበት ሳይገባ ቶሎ ልጻፍ።

አባዬ መጡ። ዓርብ ዓርብ ከሚኖሩበት ከኔቬ ያዕቆብ በአውቶቡስ ይወርዱና ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ይገበያያሉ፤ ከዚያ ሮማናቸውንና ሽንኩርታቸውን ተሸክመው ወደ እኛ ይመጣሉ። የምንኖረው የኢትዮጵያ መንገድ ላይ ነው፣ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ትይዩ፣ አንዲት ክፍል። አባዬ ግን ዕቃውን ለእህቴ ሰጥተው ወዲያው ይወርዳሉ። ከታች አባ ኪሮስ ይጠብቋቸዋል።

አባ ኪሮስ የቤተ ክርስቲያኑ መነኩሴ ናቸው፣ የወገራ ሰው፣ እንደ አባዬ። አገር ቤት ሳሉ አይተዋወቁም ነበር፤ እዚህ በንግግራቸው ተዋወቁ። አባዬ የግቢውን በር አልፈው አይገቡም፣ ሃይማኖታቸው ነው። አባ ኪሮስም እኔ ቤት አይወጡም፣ ጉልበቴ ነው ይላሉ። ስለዚህ ከበሩ ውጭ ያለችው የድንጋይ መቀመጫ የሁለቱ ናት።

የነገሥታቱን ወሬ ካልነገርኩ አይለቁኝም። ዛሬ ሬድዋልድ ነበር። ሌላ አገር ሄዶ ተጠመቀ፤ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ መከረችውና በአንድ ቤተ ጣዖት ውስጥ ሁለት መሠዊያ አቆመ፣ አንዱ ለክርስቶስ፣ አንዱ ለድሮ አማልክቱ። አባዬ ጭራሽ አልወደዱትም። ሁለት ቤት የሚበላ ሰው አሉት። አባ ኪሮስም ተስማሙ። በሃይማኖት ነገር ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲገበርትን ግን አባ ኪሮስ ወደዱት። ነግሦ ሳለ ዘውዱን ትቶ መነነ። ጠላት ሲመጣ ሕዝቡ ከገዳሙ ጎትቶ አወጣው፤ እሱ ግን መሣሪያ አልይዝም ብሎ በትር ብቻ ይዞ ጦር ሜዳ ገባ፣ እዚያው ሞተ። የአባ ኪሮስ ዓይን እንባ አቀረረ። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በጸሎታቸው ሊያስቡት ይመስለኛል።

አንድ የምሥራቅ እንግሊዝ ንጉሥ በኢየሩሳሌም በወገራ መነኩሴ አፍ ሊጠራ ነው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ኮራሁ፣ ምን ይደረግ።


ሰኞ፣ ኖቬ. 16

ቤተ መጻሕፍት። ቀኑን ሙሉ። ምንም።

የብረት ቆቡ የተገኘበት የመርከብ መቃብር፣ ተብሏል። ሁለቱ መሠዊያዎች፣ ተብሏል። የዘር ሐረጉ ላይ ቄሳርንና ጣዖታቸውን ዎደንን አያት አድርገው መጻፋቸው፣ እሱም ተብሎ ተብሎ አልቋል። ዶ/ር ና. ልክ ሳትሆን አትቀርም። ያመኛል፣ ልክ መሆኗ።

ደከመኝ። እህቴ ምን ሆነሻል አለች። ውፋ አልኳት። እሱን ፈትተሽ ሌላ አግቢ አለችኝ።


ዓርብ፣ ኖቬ. 20

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ስለ አባዬ ሥራ አልነገርኩህም። ቆጣሪ ናቸው። በእኛ በቤተ እስራኤል ወንድና ሴት ከመተጫጨታቸው በፊት በእናትም በአባትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ። ወገራ እያሉ የሰባት መንደር ሰው ወደ አባዬ ይመጣ ነበር። እዚህም ከአሽዶድ፣ ከሐዴራ ሳይቀር ይደውላሉ። ጽሑፍ የሚባል የላቸውም፣ ሁሉም በቃላቸው ነው። የማንን አክስት ማን እንዳገባት የአውቶቡስ መሥመር እንደማውቀው ያውቁታል።

እና ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠን የንጉሥ አልፍዋልድን ሐረግ ቆጠርኩላቸው። አልፍዋልድ፣ አባቱ አልድውልፍ፣ ኤዘልሪክ፣ ኤኒ፣ ቲትላ፣ ውፋ፣ ዌሃ። አባዬ በጣታቸው ሲከተሉ ነበር። ሰባት ቤት ሞላ አሉ፤ ደስ አላቸው። ከዌሃ ወዲያ እስከ ቄሳር ይዘልቃል ስላቸው አባ ኪሮስ ሳል ያዛቸው፣ የሳቅ ሳል። እንዲህማ አትሳቁ አሉ አባዬ፣ በዚህ ከተማ አያቴ ሰሎሞን ነው የማይል ማን አለ። ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ አባዬ በይ የእናቱን ወገን ቀጥይ አሉኝ።

የእናቱ የለም አልኩ። የማን አሉ። የማንኛቸውም፤ የአልፍዋልድ እናት አልተጻፈችም፣ የቲትላም፣ የውፋም። አባዬ ተበድሬ የካድኩ ይመስል አዩኝ። ታዲያ ሲጋቡ በምን አወቁ አሉ። እህትና ወንድም ቢጋቡስ? ይህ ግማሽ ቆጠራ ነው አሉ። ይህን ይዞ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ቢኖር ጋብቻውን አልፈቅድለትም ነበር፣ ቄሳርም ቢሆን።

አባ ኪሮስ የነገሥታት ነገር እንዲያው ነው፣ ወንድ በወንድ ነው የሚጻፈው አሉ። አባዬ አልተቀበሉም። ሳይጽፉት ቀሩ እንጂ ሳያውቁት አልቀሩም አሉ፤ የእናቱን ወገን የማያውቅ ንጉሥ አጋር ከየት ያመጣል?

እኔ እዚያው ድንጋዩ ላይ «ግማሽ ቆጠራ» ብዬ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ሰንበት ሊገባ ነው፣ እህቴ ወደ አባዬ ቤት እንሂድ እያለች እየተጣራች ነው


እሑድ፣ ኖቬ. 22

ኔቬ ያዕቆብ፣ ከአባዬ ጋር ነው ሰንበትን ያሳለፍኩት። ትናንት ሰንበት ሲወጣ አንዲት እናት ልጇን ለማጋባት ለቆጠራ መጣች። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ትናንት ግን ተማሪ ሆኜ አየሁት። አባዬ የጀመሩት ከእናት ነው። ለምን አልኳቸው። አባትን ሰው ሁሉ ያወራዋል፣ የሚረሳው እናት ናት፣ ስለዚህ ሰው ሳይደክም እሷን አስቀድማለሁ አሉ። ሴትዮዋ አንዱን አያት ዘለለች። አባዬ ቁጣ የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብለው ቆዩ። ራሷ ተመልሳ አመጣችው። ጋብቻው ይሆናል ተባለ፤ እልል አለች፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።

ከጠዋት ጀምሮ በው.ቤት ሴቶች ላይ ነኝ። የሬድዋልድ ሚስት፦ ስም የላት። ግን ሁለት ጊዜ ንጉሡን መልሳዋለች። አንዴ ወደ ድሮ አማልክቱ። አንዴ ደግሞ የተሰደደ እንግዳ ቤታቸው ተጠልሎ ሳለ፣ ጠላቱ በወርቅ ሊገዛው ሲል፣ ንጉሥ እንግዳውን አይሸጥም ብላ ከለከለችው። እንግዳው በኋላ በሰሜን ነገሠ። ይህን ሁሉ ያደረገች ሴት፣ ስም የላት።

ቀጥሎ ንጉሥ አና። (ወንድ ነው፣ ስሙ ነው፤ እህቴን ማሳመን አቅቶኛል።) ሴት ልጆቹ! አንዷ የደቡቡን የኬንት ንጉሥ አገባች። ኤተልድሬዳ የሰሜኑን ንጉሥ አገባች፣ ትታው መንና ገዳም መሠረተች። ቤቱ የቆመው በእነሱ ጭምር ነው። ሐረጉን በእናት በኩል ቢቆጥሩት ሌላ ካርታ ነው የሚወጣው።

ጥያቄዬ መጣ። ደብተር፣ መጣ።


ሐሙስ፣ ኖቬ. 26

ላቲን፣ ላቲን፣ ዳቦ፣ ላቲን። እህቴ ቆጥረሽ ቆጥረሽ ልታብጂ ነው ትላለች። ፀጉሬን እንኳ አልተሠራሁም። ደስ ብሎኛል።


ማክሰኞ፣ ዲሴ. 1፤ ማታ

ተናገርኩ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩትና ቆምኩ። አልፍዋልድን ከነአባቶቹ በቃሌ ቆጠርኩ፣ እስከ ዌሃ። አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። እንደገና ከላይ ጀመርኩ፤ አሁን በእናት። አልፍዋልድ፣ እናቱ፣ አልተጻፈችም። አልድውልፍ፣ እናቱ። በእያንዳንዱ ስም ላይ አባዬ ያችን ሴትዮ እንደጠበቋት ያህል ቆየሁ። መጀመሪያ ወንበር ይንቀጫቀጭ ነበር፣ በኋላ ቆመ።

ከዚያ በማይታወቁት መሀል የሚታወቁትን አመጣሁ። ስም የሌላትን ንግሥት፣ የአናን ልጆች፣ ሁለት አገር የያዙበትን ጋብቻ። ጥያቄዬም፦ ቤቱ በእናት ወገን ምን ያውቅ ነበር? ጸሐፊው ለምን ጣለው? ከጋብቻዎቹ ተነሥተን መልሰን ልናገኘው እንችላለን?

የሃይፋው ልጅ ጥሩ አድርጎ ተከራከረኝ። መለስኩለት። ሌላም ጠየቁ። ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ከአባቴ ብዬ ቆጠራውን አስረዳሁ፤ የአባዬን ስም ጠርቼ፣ ኮርቼ።

ዶ/ር ና. ቆማ ነበር የምትሰማው። ወንበር እያላት። ሲያልቅ መጥታ እጄን ያዘችና ይህ ጥያቄ ነው አለች። አማካሪሽ ነኝ አለች።

በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ያን ሁሉ መንገድ። አውቶቡስ አልበቃኝም።


ረቡዕ፣ ዲሴ. 2

ቢሮዋ ጠራችኝ። ሻይ።

ርእስ አስባልኛለች። ሁለት ቤት ጎን ለጎን፦ የውፋ ልጆችና የቤተ እስራኤል ቆጠራ። ግማሹ እንግሊዝ፣ ግማሹ የአባቴ ሥራ። ኮሚቴው ይወደዋል አለች፣ እንዲህ ያለ ከሌላ ሰው አይመጣም፣ በር ይከፍትልሻል። እየለመነችኝ ነው እንጂ እያስገደደችኝ አይደለም። እምቢ ብል እንኳ ቃሏን አታጥፍም፤ ኮሚቴው ፊት ግን ብዙ እንከራከራለን አለች። እሑድ ጠዋት ርእሱን ይዤ እንድመጣ።

ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ሻዩን ጠጣሁ።


ሐሙስ፣ ዲሴ. 3

ለምን ደስ አላለኝም? ከጠዋት ጀምሮ ራሴን እጠይቃለሁ።

አንዴ እላለሁ፣ እሺ በይ፣ ምን ይጎዳሻል፤ የአባትሽ ሥራ በመጽሐፍ ይገባል። አንዴ ደግሞ ይነደኛል። የሃይፋው ልጅ የአያቱን ሱቅ ከሐር ንግዱ ጎን አስቀምጥ አልተባለም። ጥያቄው የአባዬ ነው፣ አልካድኩም፤ መቅድሙ ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ። መጽሐፉ ግን የውፋ ነው። ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ለመናገር ሁልጊዜ አባቴን መያዣ ማስያዝ አለብኝ?

የምፈራው አባዬን ነው። አንቺ በሥራዬ ታፍሪያለሽ ካሉኝስ? እንደዚያ ካሰቡ ውፋም ማስተርስም በአፍንጫዬ ይውጣ። እሺ ነው የምላት።

ነገ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ አልወስንም።


ዓርብ፣ ዲሴ. 4፤ ከሰዓት

ነገርኳቸው። ድንጋይዋ ላይ። ብርድ ነበር፣ አባዬ ጋቢያቸውን ጥብቅ አድርገው ነበር። አባ ኪሮስ ለጸሎት ገብተው ስለነበር ሁለታችን ብቻ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የዶ/ር ና.ን ርእስ፣ የእኔን እልህ። እያወራሁ መሬት መሬት ነው የማየው። እርስዎን ከመጽሐፉ ማስወጣቴ እንዳይመስልዎት አልኳቸው።

አባዬ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ከፍቷቸዋል ብዬ ነበር። ለካ ነገሩ ሊገባቸው አልቻለም። የእኔ ቤት ለውፋ ቆጠራ ምን ያደርጋል አሉኝ። እንደገና አስረዳሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚከተለውን እንዳሉት እጽፈዋለሁ፣ ቃሉ እንዳይጠፋ፦

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ለቆጠራ ሲመጣብኝ የራሴን አያቶች ቆጥሬ ልኬው አውቃለሁ? የመጣውን ሰው ቤት ነው የምቆጥርለት። ቆጣሪ ራሱን ከመሀል ካስገባ ሙሽሮቹ የት ሊቀመጡ ነው?»

ከዚያ ሮማን ፈልፍለው ሰጡኝ፣ ስምንት ዓመት የሆንኩ ይመስል። ያች ስም የሌላት ንግሥት እንዴት ሆነች አሉኝ፤ ስሟን አገኘሽው? ገና ነው አልኳቸው። በይ በርቺ አሉ፣ እናት ያለ ስም አትቀርም።

አልቅሻለሁ። በደስታ ነው። ሮማኑ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ፣ ተቆጡኝ።


እሑድ፣ ዲሴ. 6፤ ጠዋት

ዶ/ር ና. በር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጬ። ውስጥ ሌላ ተማሪ አለ።

ርእሱን ጽፌዋለሁ። አንድ መሥመር፦ የውፋ ቤት በእናት ወገን ሲቆጠር። ሌላ ቤት የለበትም፣ ጎን ለጎን የለበትም። መቅድም ላይ አባዬ፣ ከስማቸው ጋር፣ ከሥራቸው ጋር። ኮሚቴውን እንከራከረዋለን።

ለምን ትለኛለች፣ አውቃለሁ። የምላትንም አውቃለሁ። ከአባቴ ተምሬ ነው እላታለሁ፤ እኛ ቆጣሪዎች ነን፣ የምንቆጥረው የሰው ቤት ነው።

በሩ ተከፈተ፣ እየጠራችኝ ነው።